የሚጠብቀው የሚለው ዓምድ

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ ጎረቤታችንን ሰደብክ ብላችሁ ትጣሉኛላችሁ፤ ባልነግራችሁ ደግሞ ምንም አይጎድልባችሁም። እኔ በዚያ አገር ዋና መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመመለሻ ጸሐፊ ሆኜ ኖሬያለሁ። ታሪኩ ግን የኔ አይደለም፤ የውባንቺ ነው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የማወራው። በነገሩ ውስጥ እጄ እንዳለበትም ከወዲሁ እናገራለሁ፤ ኋላ ሌላ ሰው ከሚያወጣብኝ ራሴ ባወጣው ይሻላል።

በዚያ አገር ሰው ሁሉ በመዝገቡ ላይ አንድ ረድፍ ነው። ረድፉ በዓምዶች ተከፍሏል፤ ስም፣ የእናት ስም፣ ቁመት፣ ሙያ፣ ሌላም ሌላም። መዝገቡ ያለበት ክፍል በር የለውም፤ አንዲት መስኮት ብቻ አለችው። ከውስጥ ማን እንደሚያገላብጠው ያየ ሰው የለም። ዓምድ የሚጨምረውና የሚቀንሰው የቅርጽ ሹሙ ነው። ሹሙ አዲስ ትእዛዝ ሲያወጣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ወረቀቱ በመስኮቷ ሥር ይገባል፣ ከዚያ ትእዛዝ ጠሪዋ መስኮቷ ፊት ቆማ ቁጥሩንና አቅጣጫውን ትጠራለች። «መቶ አንድ፣ ወደፊት» ካለች ትእዛዙ ይፈጸማል፤ «መቶ አንድ፣ ወደኋላ» ካለች ይሻራል። ሌላ ቃል አይጨመርም። መስኮቷም የምትመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ተፈጸመ» ትላለች። ምን እንደተፈጸመ አትናገርም።

ሕዝቡ ትእዛዝ አክባሪ ነበር። ትእዛዝ አርባ አንድ ስምን በሁለት ዓምድ ሲከፍል፣ አንድ ስም ብቻ የነበራቸው ሰዎች ሁለተኛው ዓምድ ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ ተሞላላቸው። ዛሬ በከተማው ትልቁ ቤተሰብ ያልታወቀ የሚባለው ነው፤ ድል ያለ ሰርግ ይደግሳሉ፣ አምና የዕድር ዳኛም ከነሱ ወጥቷል። ትእዛዝ ሃምሳ ስምንት ደግሞ ቁመት በክንድ መጻፉ ቀርቶ «ረጅም» ወይም «አጭር» ብቻ ይባል አለ። ልብስ ሰፊዎች የሚቆርጡት መዝገብ አይተው ስለሆነ፣ በከተማው ሱሪ ሁለት ልክ ብቻ ቀረ። መካከለኛ የነበረው ሰው ግማሹ ሱሪውን ሲጎትት፣ ግማሹ ሲያጥፍ ይውላል። ማንም አላጉረመረመም፤ ወይም ያጉረመረመውን አልሰማንም።

አንድም ትእዛዝ ያለ መመለሻ ወረቀት አይገባም። ሕግ ነው። ሹሙ «ዓምድ ጨምር» ብሎ ሲጽፍ፣ እኔ በሌላ ወረቀት «ዓምዱን አንሳ» ብዬ እጽፋለሁ፤ እሱ «አንሳ» ሲል እኔ «ጨምር» እላለሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚህ ነው። ከዚህ ታሪክ በፊት ከጻፍኳቸው መመለሻዎች አንዱ እንኳ ተጠርቶ አያውቅም ነበር፤ ሹም ይሳሳታል እንዴ! እኔም የምጽፈውን ነገር ቁጭ ብዬ አስቤበት አላውቅም። ማንም የማይጠጣውን ጠላ ማን ይቀምሳል?

መቼም ሰነፎች ነበሩ እንዳትሉን፣ ትእዛዝ ሁሉ አስቀድሞ በሙከራ መዝገብ ላይ ይሞከር ነበር። በሙከራ መዝገቡ ላይ ያሉት ሰዎች አሥር ናቸው። ሁሉም እከሌ ይባላሉ፣ ሁሉም የሠላሳ ዓመት ሰው ናቸው፣ የትም ሄደው አያውቁም፣ ማንም ሞቶባቸው አያውቅም። ምን ቢደረግባቸው ይከፋቸዋል? ሙከራው ሁልጊዜ ሸጋ ነበር።

ውባንቺ ትእዛዝ ጠሪ የሆነችው ባሏ ተገኔ ወደ ቦዩ በሄደ በዓመቱ ነው። ቦዩ ከከተማው የአርባ ቀን መንገድ ይርቃል፤ ወንዶች እየተመደቡ ይሄዱና ለአሥራ አንድ ዓመት ይቆፍራሉ። ሰው ሲሄድ የመዝገቡ ገጽ በመስኮቷ ይወጣለትና «የሚጠብቀው» በሚለው ዓምድ ላይ የአንድ ሰው ስም በገዛ እጁ ይጽፋል። ሌላ ሰው ሊጽፍለት አይችልም። ተመልሶ ሲመጣ የከተማው በር ዘበኛ ከያዘው የመዝገቡ ግልባጭ ላይ ረድፉን ያያል፤ ስም ካለ «ግባ፣ ትጠበቃለህ» ይለዋል፣ ስም ከሌለ «የሚጠብቅህ የለም» ይለዋል። የማይጠበቅ ሰው ወንዙን ተሻግሮ አዲስ ሰፈር የሚባለው ቦታ ይሄዳል፤ እዚያ አዲስ ረድፍ ይከፈትለትና እንደ አዲስ ሰው ይኖራል።

አንድ ልማድ አለ፤ ይቺን ያዙልኝ። መጠበቅ የሰለቻት ሴት ካለች፣ ቀስ ብላ መጥታ ስሟን ታስፋቃለች። ማንም አይወቅሳትም። የተመላሹም ወግ አለው፤ «የሚጠብቅህ የለም» ሲባል ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ በደጇም አያልፍም፣ ዕቃውን አንስቶ ወንዙን ይሻገራል። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ነውር እንዳይወጣ፣ ደም እንዳይፈስ ነው። ጥሩ ልማድ ነበር ብል አላፍርም።

ውባንቺ ለዘጠኝ ዓመት ስሟን አላስፋቀችም። ጠያቂ አላጣችም፣ መልክም ሙያም ያላት ሴት ናት። እሷ ግን ሥራ ስትገባ ከመስኮቷ ማዶ አንድ ረድፍ ላይ ስሟ ከተገኔ እጅ ጽሕፈት ጋር መኖሩን እያሰበች ትቆማለች። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ እንዲህ ብላኛለች። ሲጽፍ አይታው ነበር፤ «ባ»ዋን አበላሽቷት ደግሞ እንደጻፋት ነገረችኝ፣ እየሳቀች።

እንግዲህ የቅርጽ ሹሙ ይበልጣል አንድ ቀን መዝገቡ ወፍሯል አለ። ሲቆጥር ከመቶ ረድፍ ዘጠና አንዱ ላይ «የሚጠብቀው» ባዶ ሆኖ አገኘው። ዘጠና አንድ ባዶ ያለበት ዓምድ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅሙ ምንድን ነው አለ። እሱ ራሱ ከከተማው ወጥቶ አያውቅም። ትእዛዝ መቶ አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈ፤ ዓምዱ ይነሳ። አሥሩ እከሌዎች ላይ ተሞከረ፤ አማረ። እኔም መመለሻውን ጻፍኩ፤ «የሚጠብቀው የሚል ዓምድ ጨምር»። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልወሰደብኝም።

ውባንቺ ወረቀቱን ስታነብ ፊቷ ጠቆረ። ወደኔ ዞራ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ መመለሻ አለው?»

«አለው» አልኳት።

«የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

እፎይ አለች። እኔን አምና ነው እፎይ ያለችው። ተገኔ ሊመለስ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ እስከዚያ ሹሙ ይሳሳት ይሆናል፣ ይሻር ይሆናል፣ ያን ጊዜ ወደኋላ ብዬ እጠራዋለሁ ብላ አሰበች። አልጠራም ብትል ደግሞ ሌላ ጠሪ ይቀመጣል፤ እሷም ከመስኮቷ ትርቃለች። መስኮቷ ፊት ቆመች። የበሩ ዘበኛ የራሱን ግልባጭ በዚያው ቅጽበት እንዲያስተካክል የጠሪዋ ድምፅ በድምፅ ማጉያ እስከ በሩ ድረስ ይሰማል። «መቶ አሥራ ሁለት፣ ወደፊት» አለች፣ ጥርት አድርጋ። «ተፈጸመ» አለች መስኮቷ። በሩ ላይ ዘበኛው ባሻ ድንቁ ከግልባጩ ያንን ዓምድ በመቀስ ቆርጦ አወጣ።

ያላወቅነው ነገር ቦዩ ማለቁ ነው። እንዲያውም አላለቀም፤ ውሃው ሌላ መንገድ ፈልጎ ራሱ ሄደ፣ ቆፋሪዎቹም አያስፈልጉም ተብለው ተሰናበቱ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ አርባ ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ደረሱ። ባሻ ድንቁ ግልባጩን ያያል፣ ዓምድ የለም፤ ዓምድ ከሌለ ስም የለም፤ ስም ከሌለ የሚባለው አንድ ነገር ነው። አርባ ሦስቱንም «የሚጠብቅህ የለም» አላቸው። አርባ ሦስቱም በወጉ መሠረት ለምን ብለው አልጠየቁም። ዕቃቸውን አንስተው ወንዙን ተሻገሩ። ከተማው ውስጥ ማንም አልሰማም፤ ልማዱ ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ እወቁት።

የታወቀው በሃያኛው ቀን ነው። አንዲት ሴት ወንዝ ወርዳ ልብስ ስታጥብ፣ ከማዶ ባሏ ጎጆ ሲማግር አየችው። መጀመሪያ ሙት መስሏት ጮኸች። ከዚያ ከተማው ተነሳ፤ ሴቶቹ መዝገብ ቤቱን ከበቡት፣ ሹሙ በጓሮ መስኮት ሊወጣ ሲል ተያዘ። ምን ያድርግ? ይመለስ አለ። በአገሩ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ መመለሻ ሊጠራ ነው።  ውባንቺ መስኮቷ ፊት ቆመች፤ የተገኔን መምጣት ገና አላወቀችም፣ ግን ልብ ይነግራል።

«መቶ አሥራ ሁለት፣ ወደኋላ።»

«ተፈጸመ።»

እልልታው! ሴቶቹ ተቃቀፉ፤ እኔን እንኳ አንዷ አገላብጣ ሳመችኝ። ባሻ ድንቁ አዲሱን ግልባጭ ተቀብሎ በሩ ላይ ሲገልጠው ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ዓምዱ ተመልሷል። «የሚጠብቀው» የሚለው ርእስ ባማረ ቀለም ተጽፏል። ከሥሩ ግን ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው አንድም ስም አልነበረም።

የጻፍኩትን አስታወስኩ። ዓምዱን ጨምር ነው ያልኩት። በውስጡ የነበረውን መልስ አላልኩም፤ ብልም ከየት ይመጣል? የተነሳው ሲነሳ ማንም የትም አላስቀመጠውም። ሹሙ መጠባበቂያው መዝገብ አለ ብሎ ሮጠ። መጠባበቂያው ከጉብታው ላይ በአንድ ቤት ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ሌላ ዘበኛ ሰኞ ሰኞ እየሄደ ቁልፉን ነክቶ ደህና ነው ብሎ ይፈርማል። ስንከፍተው ቁልፉ እውነትም ደህና ነበር። ጣራው ግን ከስንት ክረምት በፊት እንደተቀደደ እንጃ፣ ገጾቹ እንደ አሮጌ ጭቃ ተጋግረው ነበር። ያን ጊዜ ውባንቺን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

የማታውቀውን ያወቀችው በሩ ላይ ነው። ባሻ ድንቁ አንድ ነገር እየከነከነው ኖሮ ጠጋ ብሎ ነገራት። ያን ዕለት፣ መቶ አሥራ ሁለት በተጠራ ጊዜ፣ በሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበር፤ ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለውም፣ ተገኔ ነኝ አለ። የመጀመሪያው ተመላሽ እሱ ነበር።

ወንዙን ተሻገረች። እኔም አብሬያት ሄድኩ፤ ሂድ ያለኝ የለም፣ ግን ብቻዋን ልልካት አልቻልኩም። ተገኔን ያገኘነው አዲስ ሰፈር ጠርዝ ላይ፣ የሌላ ሰው አጥር ሲያጥር ነው። ጠጉሩ ሸብቷል። ሲያያት መጥረቢያውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ፤ ወጉ አይፈቅድምና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ውባንቺ ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ሹሙ፣ ስለ ዘጠና አንዱ ባዶ፣ ስለ መመለሻው። ስሟን እንዳላስፋቀች በእናቷ አጥንት ማለችለት። በዚህ መሃል እኔም ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ነገሬን ጀመርኩ፤ እሱ በእጁ ዝም አሰኘኝ፣ በቁጣ አይደለም።

«አምንሻለሁ» አላት። «ትናንት የጎረቤቴ ሚስት መጥታ ስትነግረው ሰምቻለሁ። አምንሻለሁ።»

«እንግዲያማ ተነሳ፣ እንሂድ።»

 እንዲህ አላት፦

«በሩ ላይ ቆሜ ድምፅሽን ሰማሁት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። ውባንቺ ናት ብዬ አጠገቤ ላለው ሰው ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ‹ወደፊት› አልሽ። ወዲያው ዘበኛው ቀና ብሎ የለም አለኝ። እኔ ትእዛዝ ነው አላልኩም፤ በአፏ ነገረችኝ ነው ያልኩት። ስላንቺ ዘጠኝ ዓመት በልቤ የገነባሁትን በአሥራ ዘጠኝ ቀን አፈረስኩት፣ አንቺዬ። እያንዳንዱን ድንጋይ። ካላፈረስኩት እሞት ነበር። አሁን ውሸት ነበር ስትዪኝ ገባኝ፣ ግን መልሼ የማነሳበት ጉልበት የለኝም።»

ውባንቺ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እሱም አጠገቧ ቁጭ አለ፤ ግን አልነካትም። እስኪመሽ እንዲሁ ተቀመጡ፤ እኔ ከወንዙ ዳር ሆኜ ጠበቅኋት። ሌሎቹ ሴቶች ባሎቻቸውን አስከትለው ተሻገሩ፤ ከአርባ ሦስቱ ሠላሳው ተመለሱ። መዝገቡ ላይ ግን እነዚህ ሰዎች ሁለት ሁለት ረድፍ አላቸው፤ አንዱ ሄዶ ያልተመለሰ፣ አንዱ ጭራሽ ሄዶ የማያውቅ። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው።

ውባንቺ ተስፋ አልቆረጠችም። በየሳምንቱ ትሻገር ነበር፤ የሚበላ ትወስድለታለች፣ ልብሱን ትጥፍለታለች፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሞተው፣ ስለ ተጋባው ታወራለታለች። አንዳንዴ ያስቃታል፤ አንዳንዴም ስትሄድ እስከ ወንዙ ይሸኛታል። እየተመለሰልኝ ነው አለችኝ አንድ ቀን። እኔም ደስ አለኝ፤ ከጥፋቴ ትንሽ የተቃለለልኝ መሰለኝ።

በክረምቱ መውጫ አዲስ ቦይ ይቆፈራል ተባለ፤ የሸሸው ውሃ ተፈልጎ ሊመለስ። ተገኔ ሳይመደብ በፈቃዱ ተመዘገበ። ለሷ ራሱ ነው የነገራት፤ አልደበቃትም። ቁፋሮ አውቃለሁ፣ ሌላ የማውቀው የለም አላት። ሊሄድ ሲል እንደ ወጉ መዝገብ ቤት መጣ። ዓምዱ አለ፣ ባዶ ሆኖ። ብዕሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ውባንቺ ከጎኑ ቆማለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ።

«ስሜን ጻፍ» አለችው። «ጻፈውና ሂድ። ሌላ አልጠይቅህም።»

ብዕሩን ሦስት ጣት በቀረው እጁ ይዞ ረድፉን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ መልሶ ሰጠኝ።

«ባዶ ይሁን» አላት። «ባዶውን ማንም አያጠፋብኝም።»

አልተቆጣም። ጉንጯን ሳማት፣ እንደ እህት። ከተማው በር ድረስ ሸኘችው፣ በበሩም ወጣ። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ አላለቀሰችም፤ እኔ ግን ሽማግሌው እንባዬን ልይዘው አልቻልኩም።

ወር ሳይሞላ ሹም ይበልጣል ካለፈው ስህተት ትምህርት ወሰድኩ አለ። ስህተቱ ባዶ መብዛቱ ነው አለ፤ ባዶ ማለት ተፋቀ ማለት ይሁን፣ አልተጻፈም ማለት ይሁን፣ ጠፋ ማለት ይሁን የሚለይ የለም። እዚህ ላይ እውነቱን ነው፤ ጅል አልነበረም። ትእዛዝ መቶ አሥራ ሦስት ብሎ ጻፈ፦ ከእንግዲህ «የሚጠብቀው» ባዶ ሊሆን አይችልም፣ ባዶ የሆነው ሁሉ «የለም» ተብሎ ይሞላ። እከሌዎቹ ላይ ተሞከረ። ደስ ብሏቸው አለፈ።

ውባንቺ ወረቀቱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። መስኮቷ ፊት አልቆመችም፤ ወደ ሹሙ ዞረች።

«ጌታዬ፣ ይህ ውሸት ነው» አለችው። «ተገኔ የሚባል ሰው አለ። የሚጠብቀው አለ።»

ሹሙ በትዕግሥት መለሰላት፤ ክፉ ሰው አልነበረም። መዝገቡን አስፈትሾ እንዳየው፣ በዚያ ሰው ረድፍ ላይ ምንም ስም እንዳልተጻፈ ነገራት።

«እኔ አለሁ» አለችው።

«ወይዘሮ ውባንቺ፣ እርስዎ የዚህ ቤት ሠራተኛ ነዎት፤ ስም የሚጻፈው በሄደው ሰው እጅ ብቻ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉ።»

ታውቀዋለች። እኔም አውቀዋለሁ። ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ከምድር ቤት ሌላ ጠሪ ተጠራ፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ጥሩ ነው። ትእዛዙን በአንድ ትንፋሽ ጠራው፤ መስኮቷም የምትለውን አለች። እኔም መመለሻውን ጽፌ አስገብቻለሁ፤ «‹የለም› የሚለውን ሁሉ ባዶ አድርግ» ይላል። ምን እንደሚመልስ አትጠይቁኝ።

ውባንቺ ወደ ሥራ አልተመለሰችም። በሩ ላይ ከባሻ ድንቁ አጠገብ አንድ ድንጋይ አለ፤ ጠዋት መጥታ እዚያ ትቀመጣለች፣ ጥጥ ትፈትላለች፣ ማታ ትገባለች። ስድስት ዓመት ሆናት። ከሩቅ አቧራ ሲነሳ ትነሳለች፤ ተገኔ አለመሆኑን ስታይ ትቀመጣለች። የመጣው ሰው ይቀርባል፣ ስሙን ይናገራል፣ ባሻ ድንቁም ግልባጩን ገልጦ ረድፉን በጣቱ ይከተላል። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው አንድ ቃል ነው። «የሚጠብቅህ የለም» ይለዋል፤ እሷ ግን እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብላለች።